ከጅማ በፊት ሀዋሳ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ቅዳሜ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ክልል ክለቦች ያወጣችሁትን ትንታኔ አንብቤ ተናድጃለሁ። የጋበዛችኋቸው ተንታኝ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስ የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አያውቅም አሉ። እናንተም አተማችሁት።

ሀዋሳ ከተማስ? በ1996 ዋንጫውን አነሳ፤ በ1999 ደገመው። ሊጉ በ1990 በፕሪሚየርነት ከተጀመረ ወዲህ ከመዲናዋ ውጭ መጀመሪያ ሻምፒዮን የሆነው የእኛ ክለብ ነው። ጅማ ከ14 ዓመት በኋላ ነው የደረሰው። የጅማን ድል ማሳነሴ አይደለም፣ ደስ ብሎኛል። ግን ይህን እኮ እዚህ ሀዋሳ አቶቴ ሰፈር ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ያውቀዋል!

ስልክ ደውዬ ስናገር «የባለሙያው አስተያየት ነው» ተባልኩ። በምን ሒሳብ? ተንታኝ ሲተነብይ ሊሳሳት ይችላል። ከሊቨርፑል ጋር ስምንት የሊግ ዋንጫ የወሰደው አላን ሀንሰን እንኳ እንደ አውሮፓውያን በ1995 በቢቢሲ ቀርቦ ማንቸስተር ዩናይትድ በልጆች ምንም አያሸንፍም ብሎ ነበር፤ ልጆቹ በዚያው የውድድር ዘመን ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ። ማንም አልኮነነውም፣ ስለ ነገ ነበርና የተናገረው። የእኛ ሊግ የ1996 ዓ.ም. ሻምፒዮን ማን እንደሆነ ግን ተመዝግቦ ያለቀ ጉዳይ ነው። አስተያየት አይሰጥበትም።

እኔ ተንታኝ አያስፈልግም አልልም። ውጤቱን ጋዜጠኛው ይነግረኛል፤ የግራ መስመራችን ለምን እንደተከፈተ፣ አሰልጣኙ ያን ተጫዋች ለምን እንደቀየረ የሚያስረዳኝ ግን ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ስቱዲዮና ዝግጅት ክፍል አዲስ አበባ፣ ተጋባዡም ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ! የእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦችን ታሪክ በቃላቸው የሚወጡ ሰዎች የገዛ ሀገራቸውን ሻምፒዮን ሲረሱ ማየት ያሳፍራል።

በዚያው ጽሑፍ አዳነ ግርማንም «የጊዮርጊሱ» ብላችሁ አልፋችሁታል። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2005፣ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ሲያገባ የጊዮርጊስ ተጫዋች መሆኑ እውነት ነው። ግን የሀዋሳ ልጅ ነው፤ ከጊዮርጊስ በፊት የሀዋሳ ከተማን ማሊያ ለብሷል። ስለ ክልል ክለቦች በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ካልተነሳ የት ሊነሳ ነው?

ማረሚያው በዚያው ገጽ፣ ስህተቱ በወጣበት መጠን ይውጣ፤ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይደለም። ስለ ክለባችን ስትጽፉ ደግሞ ከእነዚያ ሁለት ዋንጫዎች ተጫዋቾች አንዱን ደውላችሁ ጠይቁ። ክለቡ ስልካቸውን አያጣም።

የሀዋሳ ከተማ ደጋፊ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ