«የት ግንባር ነው የወደቁት?»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአካባቢያችን፣ በልዩ ልዩ ዘመን ለአገራቸው የሞቱ ልጆቻችንን ስም በአንድ መዝገብ ለማስፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። እኔም ጡረታ የወጣሁ መምህር በመሆኔ በጽሕፈቱ እንዳግዝ ተጠራሁ። የእናቴን ታናሽ ወንድም ስም ሳስመዘግብ፣ ቅጹን የሚሞላው ወጣት በአክብሮት «የት ግንባር ነው የወደቁት?» ሲል ጠየቀኝ። ቢሾፍቱ፣ በልምምድ በረራ ላይ መሆኑን ነገርኩት። ልጁ ብዕሩን አስቀምጦ ሽማግሌዎቹን ተመለከተ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ «ይኼማ አደጋ ነው» አሉ። የአጎቴ ስም ሳይጻፍ በይደር ቀረ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ነገር ግን ያቺ አንዲት ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስታኛለች።

አጎቴ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማረው በደብረ ብርሃን፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት ነበር። የሰሜን ሸዋ ሰው አውሮፕላንን በመጀመሪያ ያወቀው በክፉ እንደሆነ አንባቢ ያስታውስልኝ። በአምስቱ ዓመት የጠላት አውሮፕላን መንደሩን ሲያቃጥል፣ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ በዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ፣ ሴቱና ሕፃኑ ሳይቀር፣ በጣሊያን የመርዝ ጋዝ ሲያልቅ ያየና የሰማ ትውልድ ነው ያሳደገን። አያቴ እስከ እርጅናቸው ድረስ የሞተር ድምፅ ከሰማይ በሰሙ ቁጥር ሥራቸውን አቁመው ወደ ላይ ይመለከቱ ነበር። ልጃቸው የአየር ኃይል እጩ መኮንን ሆኖ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የመጣ ዕለት ግን መርቀውት ሲያበቁ «እንግዲህስ ከላይ የሚመጣብን ሳይሆን የሚመጣልን ሆነ» አሉ። እኔ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቃላቸው እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 በሙሉ ኃይሉ ወረራውን ሲጀምርና በመስከረም 1970 ጅጅጋ ስትያዝ፣ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት በምትባለው ቢሾፍቱ የነበሩ ሠልጣኞች ሁሉ የሚጠበቅባቸውን ያውቁ ነበር። አውሮፕላን በገንዘብም በወዳጅነትም በወራት ውስጥ ይገኛል፤ አብራሪ ግን እንደዚያ አይገኝም። በሞተር ኃይል በሚዞር ውልብልቢት ከምትበር የመለማመጃ አውሮፕላን ተነሥቶ ወደ ጄት፣ ከልምምድ ጄት ወደ ተዋጊ የሚያደርሰው መንገድ በሰዓት እየተቆጠረ የሚሄድ ረጅም መንገድ ነው። በዚያው ዓመት አገራችን ከአሜሪካ መሣሪያ ወደ ሶቪየት መሣሪያ ስለተሻገረች፣ ዓመታት የበረሩት አንጋፎች እንኳ ከፍታን በጫማ ማንበብ ትተው በሜትር ለማንበብ እንደገና ተማሪ መሆን ነበረባቸው። ቦታው ራሱም ቀላል አይደለም። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር እንደ ቆላው አይጎትትም፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደር ይፈልጋል። ሞተር ገና በመነሣት ላይ ሳለ ቢደክም፣ ለአብራሪው የሚቀረው ጊዜ በሰከንድ የሚለካ ነው።

አጎቴም የሞተው እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 1970፣ በ23 ዓመቱ፣ ከአስተማሪው ጋር። በአርባው የመጣ ባልደረባው ለአያቴ እንደነገራቸው፣ ከማኮብኮቢያው እንደተነሡ ሞተሩ ኃይል አጣ፤ ከሥራቸው ቤቶች ነበሩና አውሮፕላኑን ወደ ሜዳው ሊያዞሩት ሲሞክሩ ከፍታው አልበቃቸውም። አስተማሪውም የሰው ልጅ ነበር፤ የእሱን እናት እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሣጥኑ እንዳይከፈት ታዝዞ ነው የመጣው። በለቅሶው ላይ አስለቃሿ ተቸገረች። በእኛ አገር ለወታደር ሲለቀስ የገጠመው ጠላት፣ የወደቀበት ሜዳ፣ የጣለው ሰው ይነሣል፤ በዚህ ሞት ውስጥ ግን ስሙ የሚጠራ ጠላት አልነበረም። በመጨረሻ ታላቅ እኅቱ፣ እናቴ፣ ነጠላዋን አገልድማ ተነሣችና እንዲህ አለች፦

ፈረስስ ጌታውን አውቆ ይመልሳል፣
የሰማዩ ብረት ምን አውቆ ያደርሳል።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ስትመለስ ግን በመንደሩ ዕልልታ ሲቀልጥ እናቴ ከቤት አልወጣችም፤ በድሉ ውስጥ የወንድሟ ድርሻ እንዳለ የነገራት ሰው አልነበረም።

እኔ ድርሻ አለው እላለሁ። በዚያ ጦርነት የተዋጉትን የጄት አብራሪዎች፣ የእነ ለገሰ ተፈራንና የእነ በዛብህ ጴጥሮስን ጀግንነት ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን ከመካከላቸው በልምምድ አውሮፕላን ላይ፣ ከአስተማሪ ጋር ሳይቀመጥ ለጦር ሜዳ የበቃ የለም። ያ ወንበር ሞት ያለበት ወንበር መሆኑን ሁሉም እያወቀ ነው የተቀመጠበት። በሌላውም አገር እንደዚሁ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በገዛ ምድሯ ላይ በሥልጠና አደጋ ብቻ ወደ 15,000 የሚጠጉ የአየር ጓድ አባላት አጥታለች። በእንግሊዝና በኮመንዌልዝ አገሮች የጦር መቃብሮችም በልምምድ የሞተውና በውጊያ የሞተው በአንድ ዓይነት ድንጋይ ሥር ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1928 ዓ.ም. ከእኛ ጎን ቆሞ የበረረው፣ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን የሞተው በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ነው። የጠላት ጥይት አልገደለውምና ለኢትዮጵያ አልሞተም የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

እናቴ ዛሬ 81 ዓመቷ ነው። ስሙ በይደር መቅረቱን አልነገርኳትም፤ ልነግራትም አልፈልግም። ስለዚህ መዝገቡን የያዙትን ሽማግሌዎች በዚህ ደብዳቤ የምለምነው ቅጹን እንዲለውጡ እንኳ አይደለም። «ግንባር» በሚለው ዓምድ ሥር «ቢሾፍቱ፣ የልምምድ በረራ፣ ኅዳር 1970» ተብሎ ይጻፍልን።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ