የቱ ነው የኔ ቁጥር?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአሜሪካ የዘር ልዩነትና ኢ-ፍትሐዊነትን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ገንዘብ ስለመቆረጡ ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩ። ወዳጆቼም አንብበውታል። «ይሄ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» ሲሉ ሰማኋቸው። ያገባናል። በጣም ያገባናል።

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የኩላሊት ክሊኒክ ነርስ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ኢትዮጵያዊ አባት የላቦራቶሪ ውጤታቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል። ዘርግተው አሳዩኝ። የኩላሊታቸው አቅም በሁለት መስመር ተጽፏል። አንዱ «ጥቁር አሜሪካዊ ላልሆነ» ይላል፣ 19። ሌላው «ለጥቁር አሜሪካዊ» ይላል፣ 22። ደሙ የተቀዳው በአንድ ጠዋት፣ ከአንድ ክንድ ነው።

«ልጄ፣ የቱ ነው የኔ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የሦስት ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ግን ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መያዝ የሚቻለው ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በ19 ስም ይመዘገባል። በ22 «ገና ነዎት፣ ይጠብቁ» ይባላል። ሐኪማቸው የወሰደው 22ን ነበር። እሳቸውም ጠበቁ። ስማቸው የተመዘገበው ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ከጀመሩ በኋላ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ወንበር ላይ።

ሁለቱን ቁጥሮች ያመጣው የኩላሊት አቅም የሚገመትበት ስሌት ነው፤ ያ ስሌት ጥቁር የተባለን ሰው ሁሉ ውጤት 16 በመቶ ያህል ከፍ ያደርግ ነበር። ጥቁሮች ጡንቻቸው ስለሚበዛ ደማቸው ውስጥ ክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) ይበዛል ከሚል ግምት የመጣ ነው። እኚህ አባት ግን ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የሚሰፋ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

ስህተቱን ያወጡት የብዙ ሺህ ሕመምተኞችን መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች ናቸው። በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን ዘር ከስሌቱ እንዲወጣ አሳሰቡ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ በድሮው ስሌት ወደ ኋላ ለቀሩ ጥቁር ሕመምተኞች የባከነው ጊዜ ወረፋቸው ላይ እንዲታሰብላቸው ተደረገ። ለእኚያ አባትም ደብዳቤው ደረሳቸው። አነበብኩላቸው። ድገሚልኝ አሉኝ።

«ዘርን ከስሌቱ ካወጣችሁት ለምን ዘርን ታጠናላችሁ?» የሚል አለ። ስህተቱ የታየው እኮ ስለተጠና ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ጥናት በብዛት የሚደግፈው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ያለው የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ በደጁ እናልፋለን፤ ታክሲ ስንነዳ፣ በቀዩ መስመር ባቡር ስንሄድ። በ2025 እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች ገንዘባቸው ተቋረጠ። በጁን የቦስተኑ ፌዴራል ዳኛ ዊልያም ያንግ ማቋረጡ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በአርባ ዓመት ዳኝነታቸው መንግሥት እንዲህ በዘር ሲያዳላ አይተው እንደማያውቁም ተናገሩ። በኦገስት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ገንዘቡ እንዲመለስ የሰጡትን ትእዛዝ አገደው። ተመራማሪዎች ለአምስት ዓመት ሊከታተሏቸው የመዘገቧቸውን ሰዎች ገንዘብ አጥተው ሦስተኛው ዓመት ላይ ከተዉ፣ እስከዚያ የተለፋበትም ከንቱ ይሆናል።

ደግሞ ቅጽ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ አብረን ብንገባም የራሳችን ጉዳይ አለን። በ1996 ከስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አንዳንድ መድኃኒቶችን እጅግ አፍጥኖ የሚለውጥ ጂን ተደራርቦ አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ ቶሎ ወደ ሞርፊን፣ ወደ ብርቱው ማስታገሻ፣ ይቀይረዋል፤ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ቶንሲላቸው ለወጣ ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ሲያስጠነቅቅ ባወጣው ሠንጠረዥ ያንን 29 በመቶ ጠቅሷል። በዚያው ሠንጠረዥ የጥቁር አሜሪካውያን ቁጥር ከ3.4 እስከ 6.5 በመቶ ነው። ለይቶ የሚያጠናን ባይኖር ኖሮ በእነሱ ቁጥር እንታከም ነበር።

ስለዚህ ቅጽ ስትሞሉ «ጥቁር» ከሚለው ሥር መጻፊያ ካለ «ኢትዮጵያዊ» ብላችሁ ጻፉ። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ያ መስመር ነበር። ስንቶቻችን ባዶውን እንደተውነው ሳስብ ያናድደኛል።

ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። ለእነዚህ ጥናቶች ገንዘብ እንዲቆሙልን እንድንጠይቃቸው፣ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የሌሎችም ግዛቶች የኮንግረስ አባላትን ቢሮ ስልክ አውጡልን። ስንደውል የምንለውንም ሁለት መስመር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፉልን። ሰኞ ዕረፍቴ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ካሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ እደውላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ