ለበጎ ነው ሲሉኝ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? መቼም ዝምታችን በዛ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ እጄ ለመጻፍ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

የልብስ ስፌት ቤቴም አብሮ ሄደ። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ «ለበጎ ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ተጽፎብሽ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ሁለቱም አናደዱኝ። እግዚአብሔር ነው እንዴ ቤቴን ያፈረሰው?

አንዲት የሜቶዲስት እምነት ያላት ደንበኛ አለችኝ። ስለ እምነቱ መሥራች፣ ስለ እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ ያጫወተችኝ ያኔ ነው። በ1709 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) የቄስ አባቱ ቤት በሌሊት ተቃጠለ። የአምስት ዓመቱ ጆን ፎቅ ላይ ቀረ። አባትየው በደረጃው ሊወጣ ቢሞክር እሳቱ መለሰው። በመጨረሻ አንዱ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ ልጁን በመስኮት አወጣው። ወዲያው ጣሪያው ተደረመሰ። ካደገም በኋላ ራሱን «ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ» ይል ነበር።

ልብ በይ፣ ቤቱ ከመቃጠል አልዳነም። ደንበኛዬም እሳቱን እግዚአብሔር ለኮሰው አላለችኝም። የእግዚአብሔር መግቦት፣ ጥበቃው ማለቴ ነው፣ የታየው በጎረቤት ትከሻ ነው። እኔን የያዘኝ ይሄ ነው።

ዌስሊ ማን እንደሚድን፣ ማን እንደሚጠፋ አስቀድሞ ተቆርጧል የሚለውን ትምህርት አጥብቆ ተቃውሟል። የሰው ፈቃድ እውነተኛ ነው ካልን ደግሞ ሰው የሠራውን ክፉ በእግዚአብሔር ላይ አንጭንም። ግን እግዚአብሔር ዓለምን በጅምላ ነው የሚጠብቀው፣ ለእያንዳንዳችን ጊዜ የለውም የሚሉትንም አልተቀበለም። በ1786 ስለ መግቦት ሲሰብክ የተነሳው «የራሳችሁ ጠጉር ሁሉ እንኳ የተቈጠረ ነው» ከሚለው ቃል ነው። ጳውሎስም ቢሆን ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል አለ እንጂ ነገሩ ሁሉ በጎ ነው አላለም።

ሰውየው ሰብኮ ብቻ አልተቀመጠም። በ1746 ለንደን ውስጥ ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጥ የገንዘብ ቋት አቋቋመ። ይሄን ስሰማ የእድራችን ሴቶች ትዝ አሉኝ። ዛሬ አንዷ ጀሞ፣ ሌላዋ አያት፣ ተበትነናል። ያም ሆኖ ብር አዋጥተው ሲንጀሬን አስጠገኑልኝ። አራት ኪሎ በረንዳ ላይ ቦታ የለመነችልኝም ከእነሱ አንዷ ናት። ኪራዩ እሳት ነው፣ ግን እየሠራሁ ነው።

አንቺስ? አባትሽ ሲያርፉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲሉሽ ዝም ብለሽ ነበር። ያኔ በልብሽ ምን እንደመለስሽላቸው እስካሁን አልነገርሽኝም። ጻፊልኝ።

የሁልጊዜዋ ወዳጅሽ