ሦስቱም ከአንድ ቤት ሲሆኑ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ትናንት ማታ አንድ የኮድ ለውጥ በ20 ደቂቃ ተገምግሞ ገባ። ጸሐፊውም ሁለቱ አጽዳቂዎችም የአንድ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። ኮዱ ደህና ነው፤ ያሳሰበኝ ሌሎቻችን ሳናየው ማለፉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ራክስፔስና ናሳ የጀመሩት ኦፕንስታክ (ክፍት ምንጭ የክላውድ ሶፍትዌር) ላይ፣ አንድ ለውጥ እንዲያልፍ በተለምዶ ከዋና ገምጋሚዎች ሁለት «ፕላስ 2» (የማጽደቂያ ድምፅ) ያስፈልገዋል። ከዚያ አንዱ «ወርክፍሎው ፕላስ 1» (ለውጡ ይግባ የሚል ድምፅ) ሲሰጥ አውቶማቲክ ፍተሻዎቹ እንደገና ይሮጣሉ፣ ካለፉ ይገባል። አንዳንድ ቡድኖች ደግሞ ጸሐፊውና ሁለቱ አጽዳቂዎች ከአንድ መሥሪያ ቤት እንዳይሆኑ ይጠነቀቃሉ። ይህ በመተማመን የሚሠራ ልማድ ነው፤ የኮድ መገምገሚያው ሥርዓት ጌሪት ማን የት እንደሚቀጠር ምን ያውቃል!

እኛም እንዲሁ ብናደርግስ? ለፊደል እርማት ግን አንድ ሰው ይበቃል። ሐሳባችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።