ኢቫናን በራሷ ስም ጥሯት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ልጆች መጻሕፍት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ስለ ክሮኤሺያዊቷ የልጆች ደራሲ ስለ ኢቫና ብርሊች-ማዡራኒች የጻፋችሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ከዴንማርኩ የተረት ጸሐፊ ከሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ጋር አመሳስሎ «የክሮኤሺያዋ አንደርሰን» ይላል። ቅጽሉን እናንተ እንዳላመጣችሁት አውቃለሁ፤ ብዙዎች እንዲህ ይጠሯታል። ለኔ ግን የሴትዮዋን ታሪክ የሚሸፍን ስም ነው።

አንደርሰን ትዳር ሳይዝ፣ ልጅ ሳያሳድግ ያለፈ ሰው ነው። ኢቫና ደግሞ በ18 ዓመቷ ከአንድ ጠበቃ ጋር ተጋብታ ከዛግሬብ ወደ ብሮድ፣ ሳቫ ወንዝ ዳር ወዳለችው ከተማ ሄደች፤ ልጆቹም ተከታትለው መጡ። በ1874 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኦጉሊን ውስጥ ስትወለድ ቤተሰቡ ስመ ጥር ነበር፤ አያቷ ኢቫን ማዡራኒች ገጣሚም የክሮኤሺያ ገዥም ነበሩ። ልጅቷም ገና በጠዋቱ መጻፍ አማራት። ግን ራሷ እንደነገረችን፣ መጻፍ ከሴት ግዴታ ጋር አይሄድም ብላ ፍላጎቷን ለዓመታት አፍና ያዘችው። መውጫ የከፈቱላት ልጆቿ ናቸው። ማንበብ የሚያምራቸው ዕድሜ ላይ ሲደርሱ፣ ለነሱ ብጽፍ ከእናትነቴ ጋር አይጣላም አለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1902 ወጣ።

በ1913 የጫማ ሰፊውን ተለማማጅ የህላፒችን ታሪክ አሳተመች። ጌታው ለአንድ ሀብታም ልጅ የሰፋው ቦት ጫማ ጠበበና ደንበኛው አልከፍልም አለ። ዱላው ህላፒች ላይ አረፈ። ልጁ ሌሊት ተነስቶ ያንኑ ጫማ አጥልቆ ይጠፋል፤ ሲሰርቅ አይደለም፣ እየሄድኩበት ላስፋው ብሎ ነው! እንዲህ ዓይነት የልጅ አስተሳሰብ ልጆችን በየቀኑ ከማየት የሚመጣ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በ1916 በወጣው የጥንት ተረቶች መጽሐፏ ውስጥ ያለው የስትሪቦር ጫካ ነው። አንዲት እናት ልጇ እባብ የሆነች ሚስት አምጥቶባት መከራዋን ታያለች። የጫካው ጌታ ስትሪቦር ያዝንላትና «ወደ ወጣትነትሽ መንደር ልመልስሽ» ይላታል። ደስ ብሏት ልትገባ ስትል ትዞርና «ልጄስ?» ትለዋለች። ትረሺዋለሽ ይላታል። እሷም ልጄን ከምረሳ መከራዬን ይዤ ልቅር ብላ እምቢ ትላለች፤ ያኔ አስማቱ ሁሉ ይፈርሳል። እናቴን በቀበርኩ ዓመት ነው ያነበብኩት። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ስሞቹን ከጥንት የስላቭ አፈ ታሪክ ብትወስድም ታሪኩን የሠራችው ራሷ ናት።

ለኖቤል ሽልማት አራት ጊዜ ታጭታለች። በ1937 የዩጎዝላቪያ የሳይንስና ሥነ ጥበብ አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። በዓመቱ፣ ለረጅም ጊዜ ከድብርት ሕመም ጋር ስትታገል ቆይታ፣ ዛግሬብ ውስጥ የራሷን ሕይወት አጠፋች። ይህንንም ሳትደብቁ ጻፉት፤ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለ አንባቢ አይጠፋም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስሟን ከነአባቷ አውጡት። ቦታ ካላችሁ የስትሪቦርን ጫካ ለልጆች ገጻችሁ በሚመጥን አማርኛ አሳጥሬ ልልክላችሁ እችላለሁ።

አንባቢያችሁ