ለአባቴ፣ ስለ አምፕሊፋየሩ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣
ደብረ ማርቆስ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ የልጅ ልጅዎ ክራር መማር ጀምራለች፤ ትንሹም ጥርስ እያወጣ ሌሊቱን አላስተኛን ብሏል። በስልክ ለጠየቁኝ ነገር በደብዳቤ የምመልሰው፣ በስልክ ስንነጋገር ቃሉ እየተቆራረጠ ስለሚያስቸግረን ነው።

«ለፊልምም ለዘፈንም የሚሆን፣ ጉልበቱ ከሁሉ የሚበልጥ አምፕሊፋየር ምረጥልኝ» ብለውኛል። አባባ፣ ሻጩ ያሳየዎት «1000 ዋት» የሚለው ጽሑፍ አያታልልዎት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ነው እንጂ ድምፁን ሳያበላሽ የሚዘልቅበት አይደለም። ማየት የሚገባን በ8 ኦም (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ)፣ ሁለት ቻናል (የየስፒከሩ የድምፅ መስመር) አብረው ሲሠሩ የሚሰጠውን ዋት ነው። የፊልም አምፕሊፋየር 5 ወይም 7 ቻናሉን ከአንድ የኃይል ምንጭ ስለሚመግብ ሁሉም አብረው ሲሠሩ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ለዘፈን ግን የሚፈለጉት ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ እነርሱን አጥርቶ ካሠራ ይበቃናል። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ቢወጡ የሚያገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ገንዘቡ እጥፍ ቢወጣም ድምፁ እጥፍ አይሆንም። ለእኛ ሳሎን እውነተኛ 80 ዋት ይተርፋል።

ያማሃም፣ ዴኖንም፣ ማራንዝም እንዲህ ያለውን ይሠራሉ። እኔ ግን ከስሙ ይልቅ በበገና ብፈትነው እመርጣለሁ። የበገና አውታር ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከሥሩም የእንዚራው፣ ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ጠፍር፣ ንዝረት አለ። በደካማ አምፕሊፋየር ሁሉም ተደበላልቆ የንብ ቀፎ ይመስላል፤ በጥሩው ግን የጣቱ ምት ለብቻው፣ ንዝረቱ ለብቻው፣ የመዝሙሩም ቃል ለብቻው ይለያል። «ዳይሬክት» የሚባል ቁልፍ ያለውን እንምረጥ፤ ይህ ቁልፍ ለፊልም የተሠራውን ማቀነባበሪያ አልፎ ዘፈኑን በቀጥታ ለሁለቱ ስፒከሮች ይሰጣል።

ለፊልሙ አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) በቂ ናቸው። ኮርኒስ ላይ ስለሚሰቀሉት ሻጩ የነገረዎትን ይተዉት፤ የእኛ አቡጀዴ ኮርኒስ ስፒከር አይሸከምም። ከሁሉ የሚበልጠው ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው የመካከሉ ስፒከር ነው፤ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው በእርሱ ሲሆን ሌላውን ሳይነኩ እርሱን ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ይህን የምለው አስቤበት ነው። በክረምት «የቆርቆሮው ጩኸት አላሰማ አለኝ» ብለውኝ ነበር፤ አሁን ግን የካቲት ነው፣ ዝናብም የለም። ጆሮ በዕድሜ ሲደክም ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሸ እና ፈ ይጠፋሉ፤ ሰው የሚናገር መሆኑ ይሰማል፣ የሚናገረው ግን አይለይም። ድምፁን አብዝቶ ማስጮህም የቀረውን ይጎዳል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ አባባ፣ አይቆጡኝና፣ አስቀድሞ የጆሮ ሐኪም ቢያይዎት እወዳለሁ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ አምፕሊፋየር እልካለሁ ማለቷን ሰምቻለሁ። የዚያ አገር ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ስለሆነ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ የሚቀንስ ከባድ ትራንስፎርመር ከመግዛት ለእኛ መብራት የተሠራውን እዚሁ ብንገዛ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ይሰኩት። ቡፌው ውስጥም አይዝጉበት፤ የእማዬንም ዳንቴል አያልብሱት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑንና ቴፑን ሁሉ በእጇ ሥራ ታለብስ እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህ ግን መተንፈስ አለበት።

ስለ ቴፑ ካነሣሁ አይቀር ልናገር። እማዬ ካረፈች በኋላ ቴፑን ከነካሴቶቹ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ያለውን ዝምታ ማንም አይጠይቅም፤ እርስዎ ግን ከዚያ በኋላም አልከፈቱትም። የጎረቤት ሬዲዮ ለመስማት አጥር ሥር ስቆም አይተውኛል፣ ጠርተውም አስገብተውኛል፣ ሳጥኑ ግን እንደተዘጋ ቀረ። እናታችን ለአጎቴ ብላ ድምጿን የቀዳችበት፣ ሳይላክ የቀረው ካሴት እዚያ ውስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እርስዎ ያዘኑትን ያህል እኛም አዝነናል፤ ድምጿን ግን እርስዎ ብቻዎን ያዙት። አምፕሊፋየር እፈልጋለሁ ሲሉኝ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ይህም ቂም አብሮ ተነሣብኝ።

ስለዚህ የምንገዛው ከጀርባው ቀይና ነጭ የድምፅ ማስገቢያ ያለው ይሁን፤ ካሴት የሚያጫውተውን ዴክ እኔ አመጣለሁ። ካሴቱን እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይነካውም፤ ከፈቀዱ ግን፣ ቴፕ ሲያረጅ ስለሚበላሽ፣ አስቀድሜ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ።

የሳሎኑን ርዝመትና ስፋት በሜትር ያስለኩልኝ፤ ቴሌቪዥኑም ከጀርባው «ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ» የሚል ቀዳዳ እንዳለው አንድ ልጅ አይቶ ይንገረኝ፤ ካለው የቴሌቪዥኑ ድምፅ በአንድ ገመድ ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ ለጆሮ ሐኪሙ አዲስ አበባ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ፤ የዓባይን በረሃ በሌሊት እንዳይወጡ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ምርመራው ሲያልቅ ሱቅ ገብተን፣ እርስዎ ተቀምጠው ሰምተው የወደዱትን እንገዛለን። እሺታዎን በዚህ ሳምንት ይላኩልኝ።

ልጅዎ