ከሰሉን ከባትሪው ክፍል አውጣልኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔም ልጆቹም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ይህን ያህል መቆየታችን ያሳዝነኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ እህትህን ከፊራ ገበያ አግኝቻት የነገረችኝ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ውርጩ ሲከፋ የሶላሩ ባትሪ እንዳይበርድ ብለህ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ አጠገቡ ታስቀምጣለህ አሉ። አቦ፣ እንቅልፍ አሳጣኝ! የሚያፍነው ጋዝ ሽታ እንኳ የለውም። በልጆችህ ይሁንብህ፣ ዛሬውኑ አውጣው።

ስለ ባትሪው መስጋትህ ግን ልክ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ መብራት ቢሰጥ ብዙም አይጎዳም፤ የሚገድለው በዚያ ብርድ መሞላቱ ነው። ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ ላይ ላዩን ይለበጣል፤ አቅሙ ይወርዳል፣ ውሎ አድሮም ውስጡ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። አንተ ጋ ደግሞ ፓነሉ መሙላት የሚጀምረው ጠዋት፣ ባትሪው ክፉኛ በበረደበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ በከሰሉ ፈንታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዲህ አድርገህ ሥራለት። ባለ 100 ኦም፣ 5 ዋት ነጫጭ ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚሞቁ ናቸው) አራት በትይዩ፣ ጎን ለጎን እሰር፤ 25 ኦም ይሆናሉ። በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር ገደማ ይስባሉ፣ ሙቀታቸውም 6 ዋት አይሞላም። እያንዳንዱ ከአቅሙ ግማሽ እንኳ ስለማይሠራ አይቃጠልም። አሉሚኒየም ላሜራ ላይ አስረህ ከባትሪው ሥር፣ ሳይነካው አስቀምጥ። የባትሪውን ሳጥን ቲቪ ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ነጭ ፎም ልበደው፤ ፎሙ ግን ከሬዚስተሮቹ ይራቅ፣ ይቀልጣል። ኢንቨርተሩን አብረህ እንዳትከት፣ እሱ አየር ይፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ እንኳ ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪህ 6 በመቶ ያህል ቢወስድ ነው።

የሚያበራና የሚያጠፋው ደብሊው 1209 የምንለው ትንሹ ቴርሞስታት ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ለማቀዝቀዣ ስለተስተካከለ ወደ ማሞቂያ፣ ወደ ‹ኤች› ቀይረው። 7 ዲግሪ ላይ እንዲያጠፋ፣ 5 ላይ እንዲያበራ አድርገው፤ ሴንሰሩን ባትሪው ጎን ላይ ለጥፈው።

አሁን የምነግርህን እንዳትዘልብኝ። ሪሌው፣ ማለትም ቴርሞስታቱ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንዳንዴ ተጣብቆ ይቀራል፤ ያኔ ማሞቂያው ሳያቋርጥ ይሠራል። እኔ ማሞቂያ የምለው ሲበላሽ የሚቀዘቅዘውን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ 73 ዲግሪ ቴርማል ፊውዝ፣ ሙቀቱ እዚያ ሲደርስ መስመሩን የሚቆርጠውን፣ ላሜራውን አስነክተህ ከሬዚስተሮቹ ጋር በተከታታይ አስገባ። እግሩን አትበይደው፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ይቆርጠዋል፤ በሽቦ ማያያዣ ቱቦ አድርገህ በፒንሳ ጨብጠው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ሲወጣ ደግሞ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ይኑር። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ነቅተህ በእጅህ ዳስሰው።

የባትሪውን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለክተህ ላክልኝ። ላሜራውን እዚህ አስቆርጬ፣ ቀሪውን እዚሁ ከታይዋን ገበያ ገዝቼ በእህትህ እልክልሃለሁ። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት የፓነሉን ማብሪያ አጥፋው፤ ቤቱ ሲሞቅ ታበራዋለህ።

ወንድምህ፣ ከድሬ